«ካላልኩት ጉሮሮዬ ውስጥ ይከማቻል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። 7 ዓመቱ ላይ ዓይኑን ማርገብገብ ጀመረ። ቀጥሎ ትከሻውን መስበቅ መጣ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ «እህም፣ እህም» ይላል፤ አንዳንዴ እንደ ቡችላ ድንገት ይጮኻል። ተው ስለው «እማ፣ ካላልኩት ጉሮሮዬ ውስጥ ይከማቻል» ይለኛል። መምህሩ ረበሽክ ብሎ ከክፍል ያስወጣዋል። ቶንሲል ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቼ ሰጠሁት፤ ለውጥ የለም። ጸበል ስወስደው ባሰበት። ሰዉም «ለፈለፈ እኮ፣ ይዞታል» አለኝ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ከራሷ የነርቭ መድኃኒት አንድ ፍሬ ሰጠችኝ። ማታ አንገቱ ወደ ጎን ተጠመዘዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። ጠዋት ተሻለው። የትኛው መድኃኒት ይሻለዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን እሱ አይመስለኝም። «ልጄ ሊያብድብኝ ነው? ወይስ የሆነ ነገር ሰፍሮበታል?» የሚለው ነው። ከእሱ ልጀምር።

ይህ ነገር ወደ እብደት አይሄድም። የጻፉልኝ ሁሉ ቲክ ከምንለው የነርቭ ችግር ጋር ይገጥማል፤ ሳይፈልጉት ድንገት የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። እንቅስቃሴውም ድምፁም ኖሮ ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆይ ቱሬት ይባላል። ስሙ የተወሰደው በ1885 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ገልጾ ከጻፈ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከ10 እስከ 12 ይብሳል። ጉርምስና ሲያልፍ በብዙዎቹ ላይ ይቀንሳል፤ በአንዳንዶቹም ጨርሶ ይጠፋል። ልጅዎ አሁን የሚብስበት ዕድሜ ላይ ነው። ከአስተዳደግዎ የመጣም አይደለም። በዘር ይወርዳል። አባቱ ወይም አጎቶቹ ልጅ ሳሉ ዓይናቸውን ያርገበግቡ እንደነበር እስቲ ይጠይቁ።

ልጅዎ «ይከማቻል» ያለው ትክክል ነው። ማስነጠስ ሲመጣብን ለጥቂት ጊዜ እንይዘዋለን፣ ከዚያ ያመልጠናል። የእሱም እንደዚያ ነው። ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ አምቆ ይውልና ቤት ሲገባ ይለቀዋል። «እኔ ፊት ሲሆን ነው የሚብሰው፣ አውቆ ነው» የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። አውቆ አይደለም። ልጁ የሚለቀው የሚያምነው ሰው ጋ ሲደርስ ነው።

ጸበሉ ላይ ለምን ባሰበት? ቲክ በድካም፣ በጭንቀት፣ ሰው ሲያፈጥበት ይብሳል። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ግፊያ፣ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ፤ ይህ ሁሉ እዚያ ነበር። እምነትዎን አልነካም። ጸበሉን ይጠጣ፣ ይጸልዩለት። ጩኸቱን ግን የጋኔን ምስክር አያድርጉት። ሰዉ «ይዞታል» ሲል ልጁ ቆሞ ይሰማል።

አሁን ወደ ክኒኗ። እዚህ ላይ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ሕመም፣ በአዋቂ ልክ የታዘዘ መድኃኒት ለ11 ዓመት ልጅ ሰጡት። አንገቱ የተጠመዘዘው በበሽታው አይደለም፤ ጋኔንም አልተነሳበትም። ክኒኗ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል ወይም የእሱ ወገን ትመስለኛለች። እነዚህ መድኃኒቶች በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ የአንገት፣ የዓይን፣ የመንጋጋና የምላስ ጡንቻን ያኮማትራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወይም ቀናት ይመጣል። ልጁ ነፍሱን ያውቃል፣ ይሰማል፣ ግን አንገቱን መመለስ አይችልም። የጉሮሮ ጡንቻ ላይ ከደረሰ ትንፋሽ ይዘጋል። ጠዋት የተሻለው በዕድል ነው።

በድንገተኛ ክፍል እንዲህ የሆኑ ልጆችን አይቻለሁ። ዓይናቸው ጣሪያ ላይ ተሰክቶ፣ ቤተሰብ ከበው እያለቀሱ፣ አንዱ መስቀል ይዞ። ትክክለኛው መርፌ ሲወጋ ግን አንገቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ማንም ሰው መድኃኒት ወስዶ አንገቱ ከተጠመዘዘ፣ ዓይኑ ከተሰቀለ፣ መንጋጋው ከተቆለፈ ወይም ምላሱ ከወጣ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የክኒኑን ማሸጊያ ይያዙ። እስኪነጋ አይጠብቁ። እለምንዎታለሁ፣ አይጠብቁ።

አሞክሳሲሊኑንም ያቁሙ። ቲክን አያድንም። ነገ ደግሞ አንድ ዘመድ «እንጥሉን እናስቆርጥለት» ቢል እሺ እንዳይሉ። ደም ያፈሳል፣ ልጅም ይገድላል።

ሃሎፔሪዶል ራሱ ለቲክ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ግን በጣም በትንሹ፣ በክብደቱ ተለክቶ፣ በክትትል። ለአብዛኞቹ ልጆች መድኃኒት ጭራሽ አያስፈልግም። ልጁን ካላመመው፣ ትምህርቱን ካላስተጓጎለበት፣ ካላሸማቀቀው እናየዋለን እንጂ አናክምም።

ቤት ውስጥ «ተው!» ማለቱን ይተዉት። ባወሩበት ቁጥር ይብሳል። እንቅልፉን ይጠብቁለት። ግፊቱ ሲመጣበት አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ አብረውት ይለማመዱ። ግፊቱ እስኪያልፍ ድረስ ይቀጥል። ቀላል ይመስላል፤ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ግን ይረዳል። መምህሩን ሄደው ያነጋግሩ። በር አጠገብ ይቀመጥ፣ ሲብስበት ሁለት ደቂቃ ወጥቶ ይመለስ። ይህ ከቅጣት ሌላ ነው።

ጉሮሮውን ካመመው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ኩባያ ከእጁ መውደቅ ከጀመረ፣ የእጅ ጽሑፉ ከተበላሸ፣ ሰውነቱ እንደ ጭፈራ ያለማቋረጥ ከተወዛወዘ ግን ቲክ ነው ብለው አይቀመጡ። እንዲህ ያለው ከልብ ሕመም ጋር ሊያያዝ ስለሚችል በዚያው ቀን ይምጣ።

ለጊዜው የሕፃናት ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ከሆኑ ጥቁር አንበሳ ወይም አማኑኤል ሪፈር ያጽፉ። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጭጭ ሊል ይችላል፤ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ቴሌቪዥን ሲያይ በስልክዎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቅረጹት። መጀመሪያ ግን ፈቃዱን ይጠይቁት።