መጀመሪያ መውደቅን ይማሩ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ከሥራ የምወጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ባጃጅ ባጣሁ ቀን እስከ ማራኪ በእግሬ እሄዳለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ቦርሳዬን ሲቀማኝ መጮኽ እንኳ አቃተኝ፤ እጅና እግሬ ታስሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሩሲያውያን ሳምቦና ሲስቴማ የሚባሉትን የትግል ስልቶች ሲለማመዱ በስልኬ እያየሁ እኔም ለመማር ቆርጫለሁ። የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚሻለው የትኛው ነው? ጎንደር ተቀምጬስ በቪዲዮ ብቻ መማር እችላለሁ? አባቴ «ሴት ልጅ ድብድብ ተምራ ምን ልትሆን? ጠብ ያመጣል» ብለው ተቃውመውኛል። እኔ ግን የምፈልገው ያን ድንጋጤ ከውስጤ ማውጣት ነው።
ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ በዚያ ምሽት ስለ ደረሰብዎት ነገር ራስዎን እንዳይወቅሱ እለምንዎታለሁ። ሰው በድንገት ሲያዝ ድርቅ ብሎ መቅረቱ አካል ለአደጋ ከሚሰጣቸው ተፈጥሯዊ ምላሾች አንዱ ነው፤ ጉልበተኛ በሚባሉ ወንዶችም ላይ ይደርሳል። ይህ ምላሽ በምክር አይለቅም። የሚላላው መያዝን፣ መገፋትንና መጣልን በሚያምኑት ሰው እጅ ደጋግሞ በመቅመስ ነውና የሁለቱን ትምህርቶች ጥቅም የምመዝነውም በዚሁ ነው።

ሳምቦ የሚለው ስም «ሳሞዛሺታ ቤዝ ኦሩዢያ» ከሚለው የሩስኛ ሐረግ ተቆርጦ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «ያለ መሣሪያ ራስን መከላከል» ማለት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በጃፓን በሚገኘው የሩሲያ ኦርቶዶክስ ተልእኮ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነበር፤ በ1911 ቶኪዮ ወደሚገኘው የጁዶ ማእከል ወደ ኮዶካን ገብቶ በ1913 ጥቁር ቀበቶ ተቀበለ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ጁዶን ከልዩ ልዩ ሕዝቦች ትግል ጋር እያዋሐደ ሲያስተምር ቆይቶ በ1937 ለጃፓን ሰልሏል ተብሎ ታሰረና እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር 16 ቀን ሳምቦ በመንግሥት ዘንድ ይፋዊ ስፖርት ሲሆን የዚህ ሰው ስም አልተነሣም፤ ለረጅም ዘመን የመሥራችነቱ ክብር ለተማሪው ለአናቶሊ ካርላምፒዬቭ ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። ሳምቦን የሚማር ሁሉ ኦሽቼፕኮቭን በስሙ ሊያውቀው ይገባል ብዬ ስለማምን ነው ይህን ያህል የጻፍኩት።

ስፖርቱ ራሱ ለእኛ አገር ዓይን እንግዳ አይደለም። ልጆች ወገብ ለወገብ ተያይዘው እግር እየጠለፉ የሚታገሉትን ያየ ሰው ግማሹን አይቶታል። ታጋዩ «ኩርትካ» የተባለ ወፍራም ጃኬት፣ ቁምጣና ለስላሳ ጫማ ያደርጋል፤ ጃኬቱን ይዞ ተጋጣሚውን ይጥላል፣ መሬት ላይ ይዞ ያቆያል፣ ወይም የክንድና የእግር መገጣጠሚያውን ወጥሮ እጅ ያሰጠዋል። በስፖርታዊው ሳምቦ ማነቅም ሆነ መምታት የተከለከለ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚፈቀዱበት የፍልሚያ ሳምቦ የተባለ ሌላ ዘርፍ አለ።

ሲስቴማ ግን ውድድርም ቀበቶም የለውም። አስተማሪዎቹ አራት ነገሮችን ደጋግመው ያነሣሉ፤ እነሱም አተነፋፈስ፣ ሰውነትን ማላላት፣ ቀጥ ያለ አቋምና የማያቋርጥ እንቅስቃሴ ናቸው። ሚካሂል ሪያብኮ ከታወቁት መምህራን አንዱ የነበረ ሲሆን፣ ተማሪው ቭላዲሚር ቫሲሊዬቭ እ.ኤ.አ. በ1993 ቶሮንቶ ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ ትምህርቱን ከሩሲያ ውጭ አስፋፍቶታል። የአተነፋፈስ ልምምዱን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ለእርስዎም ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በስልክዎ ካዩዋቸው ትርኢቶች መካከል መምህሩ ሳይነካው ተማሪው የሚወድቅባቸው ካሉ እነሱን አይመኑ። ሊያሸንፍዎት ከልቡ ከሚታገል ሰው ጋር ያልተፈተነ ዘዴ፣ ፈተናው በጨለማ መንገድ ላይ ይሆናል። ስለዚህ በእኔ ሚዛን ሳምቦ ይቀድማል፤ የሲስቴማ አተነፋፈስ ደግሞ ይከተለው።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በ1979 ዓ.ም. ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት በነበርኩበት ጊዜ ሳምቦ ስጀምር፣ አሠልጣኛችን ስድስት ሳምንት ሙሉ መውደቅ እንጂ ሌላ ነገር አላስተማሩንም። አገጭን ከደረት ማጣበቅ፣ ጀርባን ማጉበጥ፣ ትንፋሽን ማስወጣት፣ ክንድን ከትከሻ እስከ መዳፍ ዘርግቶ በአንድ ጊዜ ፍራሹን መምታት፤ ይኸው ነበር በየቀኑ። ወደ ኋላ የሚወድቅ ሰው በእጁ መሬቱን ልደገፍ ካለ አንጓው ይሰበራል፤ አገጩን ካልያዘ ማጅራቱ ይመታል። ከዚያ በኋላ መታገል በጀመርንበት ሰሞን ከእኔ በብዙ የሚከብድ ልጅ ከላዬ ተኝቶ ደረቴን ሲጫነኝ ዓይኔ ጨልሞ መንፈራገጥ ያዝኩ። አሠልጣኛችን ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ዲሺ» አሉኝ፤ ተንፍስ ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ በረጅሙ ሳስወጣ ክንዱና አንገቴ መሐል ስንዝር የማትሞላ ክፍተት መኖሯ ታወቀኝ፤ በእሷ ወጣሁ። እርስዎ ከውስጤ ይውጣልኝ ያሉት ድንጋጤ ከእኔ የለቀቀው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

በዚያው ዓመት በጉልበቴ ላይ የደረሰው ጉዳትም ትምህርት ይሁንዎት። ጓደኛዬ እግሬን ወጥሮ ሲይዘኝ መሸነፌን ላለማመን ብዬ እጄን ሳልሰጥ ቆየሁ። የጉልበት ሕመም ተንኮለኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጅማቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ፍራሹን ወይም የጓደኛን ሰውነት ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ «በቃኝ» ማለት ነው፤ ሳያፍሩ ቶሎ ይምቱ፤ ሌላው ሲመታም በቅጽበት ይልቀቁ።

ከዚህ በመነሣት በቪዲዮ ብቻ መማር አይቻልም እላለሁ። ቪዲዮ የሌላውን ሰው ክብደት አያሳይም፤ ስሕተትዎንም አያይልዎትም። በከተማችን የሳምቦ አሠልጣኝ ካላገኙ ጁዶ ወይም ትግል የሚያሠለጥን ይፈልጉ፤ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ያገኙት ቴኳንዶ ብቻ ከሆነም ይጀምሩ፤ ርቀትን መለካትና በእግር መቆምን ያስተምርዎታልና ባዶ እጅ አይቀሩም። ሲመርጡ ወፍራም ፍራሽ መኖሩን፣ ሌሎች ሴቶች መሠልጠናቸውን፣ አሠልጣኙ ስለ ጤናዎ መጠየቁንና «በቃኝ» ሲባል ማስቆሙን ይመልከቱ። እስከዚያው የአተነፋፈሱን ልምምድ ያለ ማንም እርዳታ መጀመር ይችላሉ፤ ከፋሲለደስ መዋኛ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጡ አራት እርምጃ እየሳቡ፣ አራት እርምጃ እያስወጡ ይሂዱ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና ትንፋሽ ቢያጥርዎት ወደ ሦስት ዝቅ ያድርጉት።

መንገድ ላይ ቢላዋ የያዘ ሰው ቢገጥምዎት ቦርሳውን ይልቀቁና ይሩጡ፤ ማንኛውም ልባም አሠልጣኝ ይህንኑ ይነግርዎታል። ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ ከሕግ ውጭና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሆኖ በሌላ መንገድ ሊወገድ ሳይቻል ሲቀር ነው፤ መከላከሉም ከመጠን ማለፍ የለበትም። አጥቂው ወድቆ እርስዎ መሸሽ ከቻሉ የመከላከሉ ጉዳይ እዚያ ላይ አብቅቷል።

አባትዎን በተመለከተ፣ በቃል ክርክር አይርቱዋቸው፤ አንድ ቀን ልምምዱ ወዳለበት ይዘዋቸው ይሂዱና ዳር ተቀምጠው ይመልከቱ። እኔ ሳምቦን ከተማርኩ ወዲህ አንድም ሰው መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ዝናብ ኮብልስቶኑ አንሸራቶኝ በጀርባዬ ስወድቅ፣ አገጬ በራሱ ጊዜ ወደ ደረቴ ተሰብስቦ፣ ክንዴ መሬቱን መትቶ፣ ጃንጥላዬን አንሥቼ ቤቴ ገብቻለሁ። ይህን ለአባትዎ ይንገሩልኝ።