ከመፈረማችሁ በፊት አጭር ቁጥሩ በማን ስም እንደሚወጣ ጠይቁ

እህቴ፣ ደሴ ላይ ሦስት ድርጅቶች ሆናችሁ ለሕፃናት ነፃ የስልክ መስመር ልትከፍቱ እንደሆነ፣ አንድ የውጭ ለጋሽም የሁለት ዓመት ገንዘብ ሊሰጣችሁ እንደተስማማ ጽፈው «ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠንቀቅ?» ብለዋል። እኔ ሐዋሳ ላይ እንዲህ ያለ መስመር አምስት ዓመት አስተባብሬአለሁ። ስለ ፕሮፖዛል አጻጻፍ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ዋጋ የከፈልኩበትን ልንገርዎ።

1. አጭር ቁጥሩ በማን ስም እንደሚወጣ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅም ለማን እንደሚተላለፍ በመግባቢያ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። የእኛ ስሕተት ይህ ነበር። አራት ድርጅቶች ነበርን፤ ገንዘቡ በመሪው ድርጅት ሒሳብ ስለሚገባ ቁጥሩንም በራሱ ስም አወጣ። ያኔ ማን ልብ አለው? በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ቁጥሩን በሰማያዊ ቀለም አስጻፍን፤ ልጆቹም በዜማ እያሉ በቃላቸው ያዙት። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ መሪው ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሄደ፤ የስልክ ሒሳቡም ሳይከፈል ቀርቶ መስመሩ ተቋረጠ። እኛ ሌላ ለጋሽ አግኝተን ነበር። አማካሪዎቻችን አልተበተኑም፣ ክፍሉም ነበር። ቁጥሩ ግን የእኛ አልነበረም።

ይዛወርልን ብዬ ደብዳቤ ይዤ ሰባት ወር የተመላለስኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም። ኃላፊው ደብዳቤውን ሳይከፍት «ፕሮጀክታችሁ አልቋል አይደል? ታዲያ ምን ቀራችሁ?» ነበር ያለኝ። ተቀመጪ እንኳ አላለኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመጨረሻ አዲስ ቁጥር አወጣንና የድሮውን ለማጥፋት ኖራና ብሩሽ ይዤ በየትምህርት ቤቱ ዞርኩ። በአንዱ ግቢ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የምትሆን ልጅ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እሱ ቁጥር እኮ አይሠራም» አለችኝ።

«እንዴት ዐወቅሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጥዬ ከአጥሩ ሥር አብሬያት ተቀመጥኩ። የነገረችኝን እዚህ አልጽፍም፤ የእርሷ ጉዳይ ነው። የደወለችው ግን መስመሩ በተዘጋበት ወራት ነበር።

ሕንዶችን ይመልከቱ። 1098 የተባለው የሕፃናት መስመራቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ሙምባይ ላይ ተጀመረ፤ በየከተማው ብዙ ድርጅቶች ተፈራርቀውበታል። በ2023 ሥራው ከግብረ ሰናዩ ተቋም ወደ መንግሥት እጅ ሲገባም ቁጥሩ ያው 1098 ነው። ልጅ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለጋሽ መጣ ሄደ የእርሱ ጣጣ አይደለም።

2. የአማካሪዎች ደመወዝ በበጀቱ ላይ የፕሮግራም ወጪ ሆኖ ይግባ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እኛ እህል አናከፋፍል፣ ጉድጓድ አንቆፍር፤ አገልግሎታችን ስልኩ አጠገብ የተቀመጠችው አማካሪ ናት። የእርሷን ደመወዝ አስተዳደር ውስጥ ከከተታችሁት ገና ሥራ ሳትጀምሩ ጣሪያውን አለፋችሁ። የስልክ ሒሳቡንም አትርሱ፤ ለደዋዩ ነፃ ነው ማለት እያንዳንዷን ደቂቃ እናንተ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ዘመን የሠራን ሰዎች የዛሬውን ሕግ ስናይ እናመሰግናለን፤ ያኔ በሕፃናት መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ማግኘት አይችልም ነበር።

3. ለጋሹ በሪፖርቱ ምን እንደሚቆጥር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእኛው «መፍትሔ ያገኙ ጉዳዮችን» ብቻ ነበር የሚቆጥረው። የሕፃናት መስመር የሠራ ሰው ግን ያውቃል፤ ብዙው ጥሪ ዝምታ ነው፣ ሳቅ ነው፣ ሙከራ ነው። አንድ ልጅ አራት ምሽት በተመሳሳይ ሰዓት ደውሎ አንድም ቃል አልተናገረም። ትንፋሹና ከኋላው የሚጮኽ ሬዲዮ ብቻ ይሰማል። አማካሪያችን በየምሽቱ «እዚህ ነኝ፣ አልዘጋም» ትለው ነበር። በአምስተኛው ምሽት ስሙን ነገራት። በለጋሹ ቅጽ ላይ ግን እነዚያ አራት ጥሪዎች «ውጤት አልባ» ተብለው ነው የተመዘገቡት። የለጋሹን ባለሙያ ለምኜ አንድ ምሽት ከአማካሪዋ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ የልጆቹን ድምፅ ሳይሆን የአማካሪዋን ብቻ እንድትሰማ አድርጌ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የዝምታ ጥሪ የራሱ ዓምድ ተሰጠው። በሥራ ዘመኔ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ደግሞ ለሪፖርት ማድመቂያ የልጆች ፎቶግራፍና ስም ይጠይቋችኋል። አትስጡ። እኛ እምቢ ብለን ሁለተኛው ክፍያ ሦስት ወር ዘገየብን፤ አማካሪዎቼ ያለ ደመወዝ ሠሩ፤ አንዷም አልቀረችም። ዛሬ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ስላለ እናንተ እኔ ካልነበረኝ መከታ ጋር ነው የምትከራከሩት፤ አዋጁን በስምምነቱ ውስጥ ጥቀሱት።

የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ የምርመራ ክፍል ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ሰው መመደባቸውንም በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቃል የገቡት ቃል እሑድ ሌሊት አይገኝም።

የመግባቢያ ሰነዱ ረቂቅ እጅዎ ላይ ካለ ስለ ቁጥሩ ባለቤትነት የሚናገረውን ገጽ ብቻ ይላኩልኝ። ዛሬ ማታ አነበዋለሁ።