አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ራም ልጨምር ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ዴስክቶፕህ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ያለው ራም (የከፈትካቸውን ነገሮች ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ) 4 ጊጋ ነው፣ ብሮውዘርና ወርድ አንድ ላይ ስትከፍት ስታክ ያደርጋል። «ራም ልጨምርበት ወይስ ገንዘቤን አጠራቅሜ አዲስ ልግዛ?» ነው ያልከው። እኔም ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ምንም እንዳትገዛ። ኮምፒውተሩን እንደ ወትሮህ ተጠቀምበት። መንቀራፈፍ ሲጀምር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን፤ ታስክ ማናጀር ይመጣልሃል። እዚያ ላይ ሜሞሪውና ዲስኩ ስንት ፐርሰንት ላይ እንዳሉ እይ። ሜሞሪው 90 ምናምን ላይ ከተሰቀለ ራም አንሶታል ማለት ነው። ዲስኩም አብሮ 100 ቢገባ አትደናገር። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ያልበቃውን ሃርድ ዲስኩ ላይ ማስቀመጥ ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። ከኬዙ ውስጥ የማያቋርጥ የማንኳኳት ድምፅ የምትሰማውም ለዚህ ነው።

ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ ብቻ 100 ከሆነ ግን ራም ብትጨምርበት ለውጥ አታይም። የአጎቴ ኮምፒውተር እንዲህ ነበር። 4 ጊጋ የነበረውን 8 አደረግንለት፣ መክፈቻው ላይ የነበረው ረጅም ጥበቃ ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ በጣም በሚፈጥን ማስቀመጫ ስንቀይርለት ሌላ ማሽን ሆነ። አጎቴ ያለ ጥቅም ያወጣው ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል፤ አንድ ደቂቃ ታስክ ማናጀሩን ብናይ ኖሮ እናውቀው ነበር።

ቀጥሎ፣ ዊንዶውስህ 32 ቢት ነው ወይስ 64? ይህን ሳትመልስ ወደ ሱቅ አትሂድ። የራሴን ኮምፒውተር 8 ጊጋ ካደረግኩ በኋላ ስለ ሲስተሙ የሚናገረውን ገጽ ስከፍት «8 ጊጋ ተገጥሟል፣ ጥቅም ላይ የሚውለው 3.4» ይላል። ራሙ የተበላሸ መስሎኝ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። ያው ነው። ለካ የዴስክቶፕ ዊንዶውስ 32 ቢት ሲሆን ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ከዚያችም ላይ ለግራፊክስና ለሌሎች ክፍሎች የሚያዝ ስላለ እጅህ የሚገባው 3 ጊጋ ምናምን ብቻ ነው። መፍትሔው 64 ቢቱን ከዜሮ መጫን ነው። በማሻሻል የሚሆን ስላልሆነ ፋይሎችህን አስቀድመህ ሌላ ቦታ ገልብጥ። እኔ እሱን ከጫንኩ በኋላ ነው ራሙ መኖሩ የታወቀኝ። ብሮውዘሩ ላይ 15 ገጽ ከፍቼ ወርድ ላይ ስጽፍ ፊደሉ ከጣቴ ወደ ኋላ መቅረቱን አቆመ።

አሁን ወደ ራሙ ዓይነት። ዲዲአር 2፣ 3 እና 4 የሚባሉት የራም ትውልዶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዲዲአር 2 እና 3 ሁለቱም 240 ፒን (ከስር ያሉት ወርቃማ ጥርሶች) አላቸው፣ ሲያዩዋቸውም ይመሳሰላሉ፤ ከስር ያለችው ቁርጥ ግን ቦታዋ ይለያያል። አልገባ ካለህ ኃይል አትጨምር፣ ዓይነቱ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ዲዲአር 3 ነው፣ ግን በግምት አትሂድ። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና ሜሞሪ የሚለውን ክፍል ተመልከት። ከዚያ የማዘርቦርዱን (ራሙ የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ) ስም ያዝና ስንት ጊጋ ድረስ እንደሚቀበል የአምራቹ ገጽ ላይ ፈልግ። ለምሳሌ ጂ41 የሚባለው ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ጣሪያው 8 ጊጋ ነው፣ የኤች61 ደግሞ 16።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። ርካሽ ሆነው የሚሸጡ የሰርቨር ራሞች አሉ። መጠናቸው ከመደበኛው ጋር እኩል ነው፣ ቁርጡም ይገጥማል፣ ግን ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይነሱም። ራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ፤ እንደ ፒሲ3-10600 ካለው የፍጥነት ምልክት አጠገብ አር (R) ፊደል ካለች ተወው፣ ዩ (U) ከሆነች ይሆንሃል።

ፍጥነቱ ቢለያይም ችግር የለውም። 1333 እና 1600 አንድ ላይ ብታደርግ ሁለቱም በ1333 ይሠራሉ። ይልቅ ከተቻለህ መጠናቸውን እኩል አድርግ፣ 4 እና 4። ብዙ ማዘርቦርዶች እኩል ሲሆኑ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያነባሉ፣ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን ይህ ይጠቅማል።

መግጠሙ ቀላል ነው። አጥፋው፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ከዚያ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫን፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ራሙን ከመንካትህ በፊት የኬዙን ብረት ንካ፣ ሰውነትህ ላይ ያለው ስታቲክ ሊያበላሸው ይችላል። ጫፍና ጫፉን እኩል ተጫን፣ መያዣዎቹ «ቀጭ» እስኪሉ። የእኔ መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ጨልሞ ጢጥ ጢጥ ብቻ አለ። በጣም ደንግጬ ነበር። ነቅዬ ወርቃማዎቹን ጥርሶች በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብዬ አሻሸሁ፣ ብናኙን ጠረግኩ፣ ጠበቅ አድርጌ መለስኩት፣ ተነሳ። ራም በደንብ ካልተቀመጠ እንዲህ ያደርጋል፣ አትሸበር። ከተነሳልህ በኋላ የዊንዶውስን የሜሞሪ መፈተሻ አንድ ጊዜ አስኪደው፤ በተለይ ያገለገለ ከገዛህ ይህን አትዝለል።

አዲስ መግዛቱን በተመለከተ፣ ሥራህ ጽሑፍ፣ ብሮውዘርና ቪዲዮ ማየት ከሆነ እኔ አልቸኩልም። 8 ጊጋና ኤስኤስዲ ይበቃሃል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ (የደህንነት ማሻሻያው ጭምር) እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ለዊንዶውስ 11 ከተፈቀዱት ውስጥ የሉም። ራም ይህን አይፈታውም። ባንክና ሚስጥራዊ ነገር የምትሠራበት ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ አስብበት፣ 8 ጊጋ ላይ ያለ ጭንቀት ይሄዳል።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ ሲንቀራፈፍብህ የታስክ ማናጀሩን ፎቶ አንሳና የማዘርቦርዱን ስም ጨምረህ ላክልኝ። የትኛውን እንደምትገዛ አብረን እናየዋለን።