ሱሉልታ ገባን፤ ብርዱን እንዴት እንልመደው?

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከእንጦጦ ማዶ ናቸው። የከተማው ኪራይ ከብዷቸው ወይም ቤት ሠርተው ወጣ ያሉ ሰዎች ናቸው ጠያቂዎቹ። እኔም እዚያው ነዋሪ ነኝና የማውቀውን ልበል።

«የገባነው ነሐሴ ላይ ነው። ክረምቱን እንደምንም ቻልነው። ኅዳር ሲገባ ግን ዝናብ እንኳ ሳይኖር ብርዱ ባሰ። ምን ጉድ ነው?»

የደጋ ዋናው ብርድ የበጋው ነው። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል፤ መሬት ቀን የያዘችው ሙቀት ቶሎ አያመልጥም። ከጥቅምት ወዲህ ሰማዩ ጥርት ሲል ሙቀቱ ሌሊት ሽቅብ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ከተራራው ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሜዳው ራሱ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ዳገት ላይ ያለ ቤት አንዳንዴ ከሜዳው ቤት የሚሞቀው ለዚህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተው ሣሩን ይዩት። ውርጩ ነጭ አድርጎታል፤ ሲረግጡት ከጫማዎ ሥር ይንኮሻኮሻል። 3 ሰዓት ላይ ጠል ብቻ ነው።

ቀን መጋረጃውን ገልጠው ፀሐይ ያስገቡ፤ 11 ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱን ይዝጉ። ትንሽ ገንዘብ ካለዎት ከሶፋ በፊት ኮርኒስ ያሠሩ። በደንብም ይብሉ። አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ይህን ብርድ ስለሚያውቁ ነው።

«ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ መኝታ ቤት እናስገባዋለን። ሁለት ልጆች አሉን። ችግር አለው?»

አለው እናቴ። እባክዎ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይተዉት። ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ፍም የሆነው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ታኅሣሥ እኔም እንዲሁ አድርጌ ተኛሁ። ሌሊት ራሴን እየፈለጠኝ ነቃሁ። በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ጉልበቴ ከዳኝና እየዳህኩ ደረስኩ። ደጅ ወጥቼ ብዙ ካስመለሰኝ በኋላ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። እኔ ስለነቃሁ ነው የተረፍኩት። ልጆች ላይነቁ ይችላሉ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወዲያው ወደ አየር ውጡ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ «ተሻለኝ» ብላችሁ አትቅሩ። ለሙቀት ልጆቹን አንድ ላይ አስተኝተው ጋቢና ብርድ ልብስ ይደርቡላቸው። ሳይተኙ በፊት ትኩስ ውሃ የሞላ የጎማ መያዣ በፎጣ ጠቅልለው አልጋው ውስጥ ያስቀምጡ።

«ሊጤ አልቦካ አለኝ፤ ባቄላውም አልበስል ብሏል።»

ሁለቱም ከቦታው ነው። ብርድ እርሾን ያዘገያል። ለብ ባለ ውሃ ያቡኩት፤ ቡሃቃውንም በጋቢ ጠቅልለው ማድ ቤት ያሳድሩት። አንድ ቀን ቢጨምርም አይደንግጡ። ባቄላው ደግሞ ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው የሚዘገየው። ማታ ይዘፍዝፉት።

«ሐምሌ ላይ ጠዋት ፀሐይ አይቼ በሸሚዝ ፒያሳ ወረድኩ። ስመለስ በረዶ ደበደበኝ። እንዴት ልወቀው?»

ወንድሜ፣ የክረምት ጠዋት አታላይ ነው። ፀሐዩ መሬቱን ያሞቀዋል፤ እርጥቡ አየር ተራራውን ይዞ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሆናል። ጉዳይህን ከ7 ሰዓት በፊት ለመጨረስ ሞክር። ከፒያሳ ሆነህ ወደ እንጦጦ ቀና በል። ጫፉ ከጠቆረ የኛ ሰፈር እየዘነበ ሊሆን ይችላል። ጃኬትና የዝናብ ልብስ ቦርሳህ ውስጥ ይክረሙ። መብረቅ ከጀመረ ደግሞ ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለል። እቤትም ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ከሶኬት እንዲነቅሉ ደውልላቸው።