ጥያቄና መልስ፦ ስፓም፣ አፕዴት እና «እኛን አይመለከትም» የሚሉ ካምፓኒዎች

እንደምን ዋላችሁ። እንጀራዬ የድርጅቶችን ኢሜይልና ሰርቨር መጠበቅ ነው። ማለትም ኢሜይል ሲጠፋ የሚሰደበው ሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፣ ኔትወርኩም እስካሁን አልከዳኝም። ስለ ስፓም (ሳትጠይቁ በጅምላ ስለሚላክላችሁ መልእክት)፣ ስለ አፕዴት፣ ስለተጠለፈ ቴሌግራም፣ «ጥፋቱ የማን ነው?» ስለሚለው ክርክርም ያላችሁን አምጡ። የተሰበረ ስክሪን ግን ከዚህ ሆኜ አልጠግንም፣ ከአሁኑ እንተዋወቅ።

ጥያቄ፦ መኪና ፍሬኑ ተበላሽቶ ቢሸጥ አምራቹ ጠርቶ ያድሳል፣ ሰው ከተጎዳም ይከሰሳል። ሶፍትዌር ሲበላሽ ግን «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብቻ ነው። ለምንድነው?

ስለተስማማህ ነዋ። አፑን ስትጭን ማንም የማያነበውን ረጅም ጽሑፍ «እስማማለሁ» ብለህ አልፈኸዋል። እዚያ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ ባለበት ሁኔታ ነው የተሰጠህ፣ በትክክል ለመሥራቱ ዋስትና የለንም ይላል። ሁለተኛ፣ ጉዳት ቢደርስብህም ካሳው ከከፈልከው አይበልጥም ይላል። በነጻ ከወሰድከው እንግዲህ አንተው አስላው።

ትልቁን ምሳሌ ልስጥህ። ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ክራውድስትራይክ የሚባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ካምፓኒ ለደንበኞቹ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንዲት ትንሽ ፋይል ላከ። ፋይሏ 21 መረጃ ትጠብቃለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም የሚያቀብለው ግን 20 ነው። በቃ፣ ይኸው ነው ነገሩ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር የብልሽት ምልክት የሆነውን ሰማያዊ ስክሪን ይዞ ቀረ። ካምፓኒው በ78 ደቂቃ ውስጥ ፋይሏን ሰብስቧል። ምን ዋጋ አለው፣ የወደቀ ኮምፒውተር ማስተካከያውን ከኢንተርኔት መቀበል አይችልም፤ ስለዚህ የአይቲ ሰዎች እየዞሩ፣ ብዙውን አንድ በአንድ በሴፍ ሞድ (መሠረታዊ ነገሮች ብቻ በሚሠሩበት መንገድ) እያስነሱ፣ ፋይሏን በእጃቸው ሲሰርዙ ከረሙ።

ዴልታ አየር መንገድ ብቻ 7 ሺህ ገደማ በረራ ሰርዞ 500 ሚሊዮን ዶላር ከሰርኩ አለ። የክራውድስትራይክ ጠበቃ ምን ብሎ መለሰ? በውላችን መሠረት የምንጠየቀው ከ10 ሚሊዮን ዶላር ለማይሞላ ገንዘብ ነው አለ። ዴልታ ጆርጂያ ውስጥ ከሰሰ፣ በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የክሱ ዋና ዋና ክፍል እንዲቀጥል ፈቀደ። ዴልታ ያን ሁሉ ጠበቃ ይዞ እንዲህ የሚከራከር ከሆነ የኔና የአንተ ነገር ግልጽ ነው።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው አውሮፓ ውስጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው አዲሱ የምርት ኃላፊነት ሕግ ሶፍትዌርን እንደማንኛውም ምርት ይቆጥረዋል። አባል አገሮች በየሕጋቸው እንዲያስገቡት የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ዲሴምበር 9 ቀን 2026 ነው። ጉዳት ለደረሰበት ግለሰብ ውሉ ላይ የተጻፈው «አንጠየቅም» አይሠራበትም። እኔ በበኩሌ እሰይ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ቆይ ቆይ። እኔ ዴቨሎፐር ነኝ፣ ባግ፣ ማለትም የኮድ ስህተት፣ የሌለው ሶፍትዌር እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። ለእያንዳንዱ ባግ ካሳ ክፈሉ ከተባለ እዚህ አገር ያሉ ትንንሽ ስታርትአፖች በማግስቱ ይዘጋሉ። ኦፕን ሶርስ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ የሚሠሩትስ?

ጥሩ መጣህ። ባግ መኖሩ ጥፋት ነው አላልኩም፣ እኔም ስንቱን ጽፌያለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያን ፋይል መጀመሪያ ለጥቂት ኮምፒውተሮች ልኮ ማየት ይቻል ነበር ወይስ አይቻልም? ይቻል ነበር። ከዚያ ወዲህ እራሳቸውም ደረጃ በደረጃ ወደ መላክ ገብተዋል። ደንበኛው ደግሞ ያን ዓይነት ፋይል «ቆይ፣ ነገ እቀበላለሁ» የሚልበት መንገድ አልነበረውም። ቁልፉ በእጅህ ብቻ ሆኖ፣ ሌላው ሰው መከላከል የማይችል ከሆነ፣ ኃላፊነቱ ያንተ ነው። የኔ መለኪያ ይህ ብቻ ነው።

ኦፕን ሶርስን በተመለከተ አትስጋ። የአውሮፓው ሕግ ለንግድ ሳይሆን በነጻ የሚሠራውን አይነካም። ያንን ነጻ ኮድ ወስዶ ምርቱ ውስጥ ከትቶ የሚሸጠው ካምፓኒ ግን ይጠየቃል። አግባብ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የኛውን እንጠይቅ። በ2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ሲሳሳት ገንዘቡን ያወጡት ተማሪዎች ናቸው ወይስ ባንኩ ነው ጥፋተኛ?

ይህ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ለማያስታውሱ፣ መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ሌሊት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዉ ሒሳቡ ላይ ካለው በላይ እንዲያወጣና እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። ወሬው በቴሌግራም ዩኒቨርሲቲዎችን አዳረሰ፣ ኤቲኤም በር ላይ ሌሊቱን ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደወጣ ገለጸ፣ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ተናገረ። ከዚያ አብዛኛው ተመለሰ።

የራስ ያልሆነን ገንዘብ ማውጣት ስህተት ነው፣ አልከራከርም። ግን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ሲለጠፍ እኔ እጠብቅ የነበረው ሌላ ወረቀት ነበር። የትኛው ለውጥ፣ በማን ፈቃድ፣ በምን ሙከራ አልፎ ወደ ሥራ ገባ? ይህን ገጽ በገጽ የሚያስረዳ ሪፖርት። ክራውድስትራይክን የፈለግከውን ያህል ውቀሰው፣ የ21ና የ20ውን ነገር የነገረን ግን ራሱ ባወጣው ሪፖርት ነው።

«ሲስተሙ አይሳሳትም፣ ሰውዬው ነው ሌባ» ማለት የት እንደሚያደርስ እንግሊዝ አይታለች። የፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የፉጂትሱ ሥራ፣ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። በዚያ ሰበብ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። እስር ቤት የገቡ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ ያወጣው በ2024 ነው። የመጀመሪያዎቹ ፍርዶች ከተሰጡ ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። ለደንበኞች የምልከው ፕሮፎርማ ሁሌ ስፓም ውስጥ እየገባ ጨረታ አመለጠኝ። ጂሜይልን መክሰስ ይቻላል?

መክሰሱን ተዪውና እህቴ፣ ላኪውን እንፈትሽ። ከራስሽ ድርጅት አድራሻ ወደ ራስሽ የግል ጂሜይል አንድ ኢሜይል ላኪ። በኮምፒውተር ክፈቺው፣ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኚ፣ «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጪ። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉ። ሦስቱም ጎን «ፓስ» ማለት አለበት። ወይ «ፌይል» ካለ ወይ መስመሩ ራሱ ከሌለ ችግርሽ እዚያ ጋ ለመሆኑ ብወራረድ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው በድርጅትሽ ስም ኢሜይል እንዲልክ የተፈቀደለት ሰርቨር የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳልተነካካ የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ ካልተሟሉ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚል ትእዛዝ ነው። ዌብሳይቱን የሠራልሽ ልጅ ዶሜይኑን (የድርጅትሽን የኢንተርኔት ስም) ገዝቶ እነዚህን ሳይሞላ ሄዷል ማለት ነው። ጥሪው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት፣ ተጨማሪ ገንዘብ ከጠየቀሽም ተከራከሪ።

ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በጅምላ የሚልኩትን (ለጉግል በቀን 5 ሺህና ከዚያ በላይ) ሦስቱንም አሟሉ ብለው አስገድደዋል። አንቺ አምስትም ብትልኪ ግን ያልታወቀ ላኪ በጥርጣሬ ነው የሚታየው።

ካምፓኒዎቹ ንጹሕ ናቸው አላልኩም ደግሞ። ማጣሪያው ሲሳሳት ለላኪውም ለተቀባዩም ምንም አይነግርም። ዝም ብሎ ስፓም ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ጂሜይል ደግሞ በ30 ቀኑ ያጠፋዋል። ይህን ያህል ሰው የሚተማመንበት አገልግሎት አቤት የሚባልበት ሰው እንኳ የለውም፣ ይሄ ያበሳጨኛል።

ጥያቄ፦ ስፓም የሚለውን መጫንና «አንሰብስክራይብ» ማለት ልዩነቱ ምንድነው?

የምታውቀው ድርጅት ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ተመዝግበህ ከሰለቸህ፣ አንሰብስክራይብ በል። የማታውቀው ከሆነ ውስጡ ያለ ምንም ሊንክ አትንካ፣ ስፓም ብለህ ዝጋው። ስትነካው አድራሻህ ሰው ያለበት እንደሆነ ታረጋግጥላቸዋለህ፣ ከዚያ ዝናቡን ጠብቅ። ማጣሪያው የሚማረው ከናንተ ጭምር ነው፣ በስህተት የገባ ካያችሁም «ስፓም አይደለም» በሉት።

ጥያቄ፦ ደሴ ያለችው እናቴ ዲቪ ደርሶሻል የሚል ኢሜይል መጣላት። ክፍያ ላኪ ይላል። ማጣሪያው እንዴት አሳለፈው?

እንዳትልክ! አሁኑኑ ደውልላት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደርሶሻል ብሎ ኢሜይል አይልክም። ዕጣው መውጣቱ የሚታየው ስትሞላ በተሰጣት የማረጋገጫ ቁጥር፣ በ«ዶት ገቭ» በሚያልቀው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ራሷ ገብታ ስታይ ብቻ ነው። ገንዘብ በሐዋላ ላኩ የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። በኢንተርኔት ታሪክ ከታወቁት የመጀመሪያ የንግድ ስፓሞች አንዱ ራሱ ስለ ዲቪ ነበር። በኤፕሪል 1994 አሪዞና ያሉ ባልና ሚስት ጠበቆች በሺዎች ወደሚቆጠሩ የዩዝኔት የውይይት መድረኮች «የግሪን ካርድ ሎተሪ እንሙላላችሁ» የሚል ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ለቀቁ። ይኸው ከ30 ዓመት በላይ ሆነው፣ ማጥመጃው አልተቀየረም።

ለምን አለፈ ላልከው፣ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የሚላከው ከተጠለፈ የእውነተኛ ሰው አካውንት ነው። ሦስቱንም ፍተሻ በሰላም ያልፋል። ላኪው ማን እንደሆነ ማረጋገጥና ላኪው እውነት መናገሩን ማረጋገጥ ለየቅል ናቸው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያልጠየቅኩት አጭር ቁጥር ጥቅስ እየላከ ብር ይቆርጣል። ሕግ የለም እንዴ?

ሕግማ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያልተጠየቀ ማስታወቂያ መበተንን ወንጀል አድርጎታል። ተቀባዩ አስቀድሞ ከፈቀደ ግን ይቻላል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ፊደል «ስቶፕ» ብለህ ወደዚያው ቁጥር ላክ። ካልቆመ ወደ ኦፕሬተርህ የደንበኞች አገልግሎት ደውል፣ እዚያም ካልሰሙህ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። የተቆረጠብህን ቀንና ቁጥር ስክሪንሾት ያዝ፣ በወሬ አይሆንም።

ጥያቄ፦ «በስህተት 3 ሺህ ብር በቴሌብር ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» ያለኝን አምኜ ላክሁለት። ኤስኤምኤሱም መጥቶ ነበር እኮ። ቴሌብር ይከፍለኛል?

አይመስለኝም፣ ይቅርታ ወንድሜ። ኤስኤምኤሱን መልሰህ እየው፣ ከቴሌብር ቁጥር ከ127 ነው ወይስ ከ09 ቁጥር? ጽሑፉን ገልብጦ ከራሱ ስልክ መላክ ማንም ይችላል። ቀሪ ሒሳብን አፑ ውስጥ ሳያዩ አምስት ሳንቲም አለመላክ ነው። ለፖሊስና ለቴሌ ግን አሁኑኑ አመልክት፣ ገንዘቡ ከሌባው አካውንት ሳይወጣ የሚታገድበት ዕድል ይኖራል። በራሴ መለኪያ ካየሁት ይህን ማቆም ትችል የነበርከው አንተ ነህ። አገልግሎቱም ግን አዲስ ለሆነ ተቀባይ ስትልክ ቆም የሚያደርግ ማስጠንቀቂያ ቢያወጣ ምን ይጎዳው ነበር?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ለውድድር ድምፅ ስጪኝ» ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ቁጥሬንና የመጣልኝን ኮድ አስገባሁ። አሁን በኔ ስም ከሰው ብር እየተበደሩ ነው።

ጓደኛሽም ተጠልፋ ነው። ፍጠኚ! ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» ግቢና ሌሎቹን ሁሉ የሚያስወጣውን ተጫኚ። ሌባው አዲስ ስለገባ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አንቺን ማስወጣት አይችልም፣ አንቺ ግን እሱን ትችያለሽ። ነገ ይገለበጣል። ከዚያ ከኮዱ ሌላ የራስሽን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሪ። ይህ በርቶ ቢሆን ኮዱን ሰጥተሽውም አይገባም ነበር።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ኮር አይ ፋይቭ፣ 6ኛ ጀነሬሽን ነው። ጡረታ ወጥቼ የምጽፍበት ነው። ዊንዶውስ 10 አበቃ አሉኝ፣ ሱቅ ያለው ልጅ 11ን በክራክ (ያለ ፈቃድ በተሰበረ ቅጂ) ልጫንልዎት አለኝ።

አባቴ፣ እምቢ ይበሉት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ለተመዘገበ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የደኅንነት አፕዴት ይሰጣል። 11 በይፋ የሚፈልገው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ የርስዎ አይደርስም። ክራክ ማድረጊያዎቹ ደግሞ ከመጫናቸው በፊት አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላሉ፤ ከዚያ ምን አብሮ እንደገባ ማን ያውቃል። ለመጻፍና ኢንተርኔት ለማየት ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ ሚንት ያስጭኑ፣ ነጻ ነው፣ አማርኛም ይጻፍበታል። በቅድሚያ ግን ጽሑፎችዎን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ።

ማይክሮሶፍት 10 ዓመት ደግፏል፣ በዚያ አልወቅሰውም። ደህና የሚሠራ ኮምፒውተርን በፕሮሰሰር ዕድሜ አልቀበልም ማለቱ ግን አልተዋጠልኝም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። ስልኬ ሁሌ «ስቶሬጅ ሞልቷል» ይለኛል፣ ፎቶ እንኳ የለኝም።

ቴሌግራም ነው። ሴቲንግ፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»፣ ከዚያ «ክሊር ካሽ»። እዚያው ላይ ሚዲያ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ ጥቂት ቀን ቀንሰው። የተላከልህ ነገር ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ አይጠፋም፣ ስትፈልገው እንደገና ይወርዳል። ቪዲዮ ከሆነ ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቆይተህ ክፈተው፣ አለበለዚያ ፓኬጅህን ይበላዋል።