መልስ፦ ከአሜሪካ የመጣው ሪሞት መስቀል አደባባይ ላይ ለምን ይቆራረጣል?

ወንድሜ፣ ከአሜሪካ የተላከልህ የሪሞት መኪና መስቀል አደባባይ አካባቢ ለምን እንደማይታዘዝልህ ጠይቀሃል። በመጀመሪያ ሪሞቱን ገልብጠህ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። 915 ሜጋኸርዝ (ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ መለኪያ ነው) የሚል ከሆነ ምክንያቱ እርሱ ነው። አሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ያለ ፈቃድ ለሚሠሩ አነስተኛ መሣሪያዎች ፈቅዳለች። እኛ ዘንድ ግን እንደ አውሮፓ ሁሉ ይህ ሞገድ በአብዛኛው ለሞባይል ስልክ የተመደበ ነው፤ ከ925 ሜጋኸርዝ ጀምሮ የስልክ ማማዎቹ ያሰራጩበታል። ማማ በበዛበት መሀል ከተማ የመኪናህ ተቀባይ ቢደናቆር አይገርምም። አንተም በተራህ የሰው ስልክ ልትረብሽ ትችላለህ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ባትሪ መቀየርም ሆነ አንቴና ማርዘም መፍትሔ አይሆንም። ሪሞቱንና ተቀባዩን አንድ ላይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ቀይራቸው። ዋይፋይም ይህንኑ ሞገድ ስለሚጋራ፣ እንዳይጋጭብህ በዚያው ክልል ውስጥ የሞገድ ድግግሞሹን (ፍሪኩዌንሲውን) በራሱ እየቀያየረ የሚሠራውን ዓይነት ምረጥ።