ቸርችልን ሽቅብ ለምትሽቀዳደሙ ልጆች

ልጆቼ፣ ማለዳ መኪናው ሳይበዛ ከለገሀር ተነሥታችሁ በብስክሌት በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስትፋለሙ አያችኋለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ቀድሞ የደረሰ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲፎክር ይሰነብታል። ይፎክር፤ ዳገት ላይ እግርና ሳንባ ናቸው የሚፈርዱት። ፍጥነቱ ስለሚያንስ ነፋሱም ያን ያህል አይከብድም፤ ከሰው ጀርባ መሸጎጥ ብዙ አይረዳም።

ሜዳው ላይ ግን ሌላ ነው። ፊት ያለው ነፋሱን ሲገፋ፣ ከኋላ ጎማው ሥር የተጠጋው ሲሶ ያህል ጉልበት ይቆጥባል። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳዩ ታላቅ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙሮችን (የአንድ አንድ ቀን ውድድሮችን) ያሸነፈው በእግሩ ብቻ አይደለም፤ ለሰዓታት ከነፋስ ተከልሎ፣ ጉልበቱን ለመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች አቆይቶ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች የጎዳና ብስክሌት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔዘርላንድ አራት ኃያላን አሰለፈች። የሒሳብ ዶክተሯ ኦስትሪያዊት አና ኪሰንሆፈር የፕሮፌሽናል ቡድን ውል እንኳ አልነበራትም። ገና ከመነሻው ከጥቂቶች ጋር ተገንጥላ ወጣች፤ ትልልቆቹም ንቀው ለቀቋት። ማን ያሳድድ? ሁሉም ሌላውን ጠበቀ። በኦሊምፒክ ከፊት ማን እንዳለ ከቡድን የሚሰማበት የጆሮ ሬዲዮ አይፈቀድምና፣ ኔዘርላንዳዊቷ አኔሚክ ፋን ፍሉተን ሁለተኛ ሆና ስትገባ ወርቁን ያገኘች መስሏት እጆቿን ዘረጋች። ኪሰንሆፈር ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድማት ገብታ ነበር።

ይህን ዕድል ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። መጨረሻውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻዋን ነድታለች፤ ያለ ብርቱ እግር ይህ አይሞከርም። ብልሃቷ የወጣችበትን ሰዓት መምረጧ ነው።

እዚህ ላይ የምትሰዳደቡበትን ነገር ላንሣ። ተራውን የማይመራ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። የቡድን ጓደኛው ፊት አምልጦ ከሆነ፣ ከኋላ ተቀምጦ አሳዳጆቹን አለማገዝ ግዴታው ነው። ማንም ሳይኖረው ሁልጊዜ በሰው ጀርባ የሚጓዝ ግን ቶሎ ይታወቃል፤ በሌላ ቀን ሲያመልጥ ሁሉም ተባብሮ ያሳድደዋል።

በመጪው እሑድ ቸርችልን ተዉትና ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ሂዱ። በየተራ ምሩ፤ ከፊት ስትወርዱም ወዲያው ወደ ኋላ ዞራችሁ ማን ትንፋሽ እንዳጠረው፣ ማን ማርሽ ቀድሞ እንደቀየረ ልብ በሉ። የራስ ቁሩንም አድርጉ፣ ሚኒባሶቹ እሑድም አያርፉም።